ሳይወሰን መስማት፦ የውጭ ኩባንያ ሠራተኛ በደብረ ብርሃን ምን የማወቅ መብት አለው?

«ፋብሪካው ሊሸጥ ነው» ወይም «አንድ ሺፍት ሊታጠፍ ነው» የሚል ወሬ ደብረ ብርሃን ላይ ሲነሳ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ይልቅ የሰርቪስ አውቶቡስ ይቀድማል። ሠራተኛው ኤችአርን ሲጠይቅ «እኛም እንደናንተው ነው የሰማነው» የሚል መልስ ያገኛል። ይህ መልስ ሁልጊዜ ማምለጫ አይደለም። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ውሳኔው የሚበስለው እዚያ ቢሮ ውስጥ አይደለምና።

ከተማዋ ከብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ዘመን ጀምሮ ፋብሪካ የምታውቅ ናት። የተቀየረው የባለቤቶቹ አድራሻ ነው። ሐበሻ ቢራን ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን አክሲዮን ገዝተው ቢመሠርቱትም የሆላንዱ ባቫሪያ፣ በኋላ ስሙን ስዊንክልስ ያለው የቤተሰብ ኩባንያ፣ ዋና ባለድርሻ ሆኖበታል። የሰሜን ሸዋን ገብስ ወደ ብቅል የሚለውጠው ቦርትማልት ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ነው፤ ከበላዩ ደግሞ አክሴሬያል የተባለ የፈረንሳይ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። ስለዚህ የአንጎለላ ልጅ የሆነ የማሽን ኦፕሬተር የሥራ ዕድሜ፣ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው ከተማ በሚደረግ የበጀት ስብሰባ ሊወሰን ይችላል።

በኦክቶበር 2025 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ኅብረት በብዙ አገር የሚሠሩ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን እንዴት ማሳወቅና ማማከር እንዳለባቸው የሚደነግገውን ሕግ አሻሽሎ አጽድቋል። «የእኛም ባለቤት አውሮፓዊ ነው፤ ታዲያ ሕጉ እኛን ይነካል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ባጭሩ፣ በቀጥታ አይነካም። በተዘዋዋሪ ግን የሚያስገኘው ነገር አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሰሜን ሸዋ ሠራተኛ የሚበጀው መሣሪያ ብራስልስ ሳይሆን እዚሁ በሚፈረመው የኅብረት ስምምነት ውስጥ ነው።

ማሳወቅ፣ ማማከር፣ መደራደር

በአማርኛችን «ሠራተኛውን አወያይተናል» የሚለው አነጋገር ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሥራ አስኪያጁ አዳራሽ ሰብስቦ የተወሰነውን ቢነግርም «አወያየ» ይባላል። በሕግ ቋንቋ ግን ሦስቱ ቃላት የተለያየ ግዴታ ይጥላሉ።

ማሳወቅ ማለት አሠሪው መረጃውን ለሠራተኛ ተወካዮች አስቀድሞ፣ መርምረው ሊረዱት በሚችሉበት ይዘትና ጊዜ መስጠቱ ነው። የስብሰባው ዕለት ስክሪን ላይ የሚታይ ስላይድ ይህን አያሟላም። ማማከር አንድ እርምጃ ይቀጥላል፤ ተወካዮቹ በተሰጣቸው መረጃ ላይ ተመሥርተው አስተያየት ያቀርባሉ፣ አሠሪው ይሰማል፣ ምላሽ ይሰጣል። ውሳኔው ግን የአሠሪው ሆኖ ይቀራል። መደራደር ደግሞ ሁለቱም ወገን እስኪስማማ ድረስ የማይቋጭ ነገር ነው፤ ደመወዝና የኅብረት ስምምነት እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከእነዚህ በላይ የጋራ ውሳኔ የሚባል አለ። ለምሳሌ ጀርመን ውስጥ ቢያንስ 5 ቋሚ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ሊመረጥ የሚችለው የሠራተኞች ምክር ቤት፣ የሥራ ሰዓት ድልድልን በመሳሰሉ ጉዳዮች ሳይስማማ ሊወሰን አይችልም።

ልዩነቱን ማወቅ ከንቱ ተስፋንም ከንቱ ንቀትንም ያስቀራል። ምክክር ቬቶ፣ ማለትም ውሳኔን የማገድ መብት፣ አይደለም። ዋጋው ያለው በሰዓቱ ላይ ነው፤ ከውሳኔው በፊት ከመጣ አማራጭ ለማቅረብ ያስችላል፣ ከውሳኔው በኋላ ከመጣ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የአውሮፓው ሕግ ድንበሩ የት ላይ ነው?

መነሻው በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው ዳይሬክቲቭ ነው። ዳይሬክቲቭ ማለት አባል አገራት በየራሳቸው ሕግ ውስጥ እንዲያስገቡት የሚያስገድድ የኅብረቱ ሕግ ነው። በ2009 ተሻሽሎ እንደገና ወጣ፣ አሁን በ2025 ደግሞ ሌላ ማሻሻያ ተደረገበት። ሕጉ የአውሮፓ የሠራተኞች ምክር ቤት የሚባል አካል እንዲቋቋም መንገድ ይከፍታል። ምክር ቤቱ ከየአገሩ የተመረጡ የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች ከዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ጋር የሚገናኙበት ነው።

ኩባንያው በሕጉ ሥር የሚወድቀው በአባል አገራቱ ውስጥ በድምሩ ቢያንስ 1,000 ሠራተኞች፣ ከእነዚህም ውስጥ ቢያንስ በ2 አገራት በእያንዳንዳቸው 150 ሲኖሩት ነው። ይህን ያሟላ ኩባንያ እንኳ ምክር ቤቱ በራሱ አይቋቋምለትም። በሁለት አገራት ያሉ ቢያንስ 100 ሠራተኞች ወይም ተወካዮቻቸው በጽሑፍ መጠየቅ፣ አለዚያም አሠሪው ራሱ መጀመር አለበት። ከዚያ ልዩ ተደራዳሪ ቡድን ይመረጣል፣ ስምምነት ይዘጋጃል። አሠሪው ጥያቄ ቀርቦለት በ6 ወር ውስጥ ድርድር አልጀምርም ካለ ሕጉ ያስቀመጣቸው ተተኪ ደንቦች በቀጥታ ይሠራሉ።

ቆጠራው የሚያበቃው በአባል አገራቱ ድንበር ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። አንድ ኩባንያ ቤልጅየምና ፈረንሳይ ውስጥ 900፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ 600 ሠራተኞች ቢኖሩት በሕጉ ዓይን ያሉት 900 ብቻ ናቸው፤ ገደቡን አያሟላም። ገደቡን የሚያሟላ ቢሆን እንኳ የደብረ ብርሃኑ ሠራተኛ የሚመርጠው ወንበር በሕጉ አልተቀመጠለትም። አንዳንድ ኩባንያዎች በራሳቸው ስምምነት ከዚህ አልፈዋል። ቮልስዋገን በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ ውጭ ያሉ ሠራተኞችንም ያካተተ ዓለም አቀፍ ምክር ቤት አቋቁሟል። ይህ ግን በበጎ ፈቃድና በማኅበራት ጉልበት የመጣ እንጂ የሕግ ግዴታ አልነበረም።

ሕጉ በቤቱም ቢሆን ጥርሱ ምን ያህል እንደሆነ የ1997ቱ የሬኖ ጉዳይ ያሳያል። ሬኖ ቤልጅየም ቪልቮርድ የነበረውን፣ 3,100 ያህል ሠራተኞች ያሉትን የመኪና ፋብሪካ እንደሚዘጋ በድንገት አስታወቀ። የቤልጅየምም የፈረንሳይም ፍርድ ቤቶች ኩባንያው ሠራተኞቹን አስቀድሞ የማማከር ግዴታውን ጥሷል ብለው ወሰኑ። ፋብሪካው ግን በዚያው ዓመት ተዘጋ። ሠራተኞቹ ያተረፉት ጊዜና የተሻለ የስንብት ጥቅል ነው። የአሁኑ ማሻሻያም ከዚህ ዓይነቱ ትችት የመጣ ነው፤ ተወካዮች ከውሳኔ በፊት ምክንያት የያዘ ምላሽ እንዲያገኙ፣ «ምስጢር ነው» የሚል አሠሪ ምክንያቱን እንዲያስረዳ፣ የገንዘብ ቅጣት ሲጣልም የኩባንያው ዓመታዊ ገቢ ከግምት እንዲገባ ይፈልጋል።

የእኛ አዋጅ የሚለውና የማይለው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በየዓመቱ የሒሳብና የዕቅድ መረጃውን ለቋሚ የሠራተኞች ምክር ቤት እንዲያቀርብ የሚያደርግ ሥርዓት የለውም። ምክክር በግልጽ የሚነሳበት ዋናው ቦታ አንቀጽ 29 ነው፤ የሠራተኞች ቅነሳ።

በአዋጁ ትርጉም ቅነሳ የሚባለው ከ10 ቀን ላላነሰ ተከታታይ ጊዜ ቢያንስ ከድርጅቱ ሠራተኞች 10 በመቶ የሚሆኑትን፣ ወይም ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሰዎችን የሚነካ ስንብት ነው። ምክንያቱም የምርት ፍላጎት መቀነስ፣ የአሠራር ወይም የቴክኖሎጂ ለውጥ፣ ወይም ሥራውን የሚያስቆም ሁኔታ መሆን አለበት። ይህ ሲሆን አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮቹ ጋር ተመካክሮ የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያላቸውን ያስቀራል። ችሎታቸው እኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚነኩት አገልግሎታቸው አጭር የሆነ፣ ቀጥሎም ጥገኛ ቤተሰባቸው ያነሰ ናቸው። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ የሠራተኛ ተወካዮችና ነፍሰ ጡሮች መጨረሻ ይደርሳቸዋል።

የሕጉ ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው። ምክክሩ የሚጀምረው «ማን ይቀነስ» በሚለው ላይ እንጂ «መቀነስ አለበት ወይ» በሚለው ላይ አይደለም። ማኅበሩ ሲጠራ ቁጥሩ ተወስኗል፤ የቀረው ስም መሙላት ነው። ብዙ የማኅበር አመራሮች በዚህ ስብሰባ ሲቀመጡ ለአባሎቻቸው ጠበቃ ሳይሆኑ ዝርዝር አዘጋጅ እየሆኑ ይታማሉ፤ ሐሜቱ ባይገባቸውም ምንጩ ይህ የሕጉ አቀማመጥ ነው።

ሁለተኛው ችግር ገደቡ ራሱ ነው። 420 ሠራተኛ ባለው ፋብሪካ 10 በመቶው 42 ነው። 41 ሰው ቢሰናበት በቁጥር «ቅነሳ» አይሆንም። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ የገንዘብም ነው። 5 ዓመት ያገለገለና አማካይ የቀን ደመወዙ 200 ብር የሆነ ሠራተኛን እንውሰድ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ለቀሩት 4 ዓመታት በየዓመቱ የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 2,000 ብር፣ በድምሩ 8,000 ብር ይታሰባል። የስንብት ክፍያው 14,000 ብር ደረሰ። በአንቀጽ 29 መሠረት ከተቀነሰ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ፣ 12,000 ብር፣ ይጨመርና 26,000 ብር ይሆናል። የ2 ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜው ከዚህ ውጭ ነው። እንግዲህ 41 እና 42 በሚሉት ቁጥሮች መካከል ለእያንዳንዱ ሰው 12,000 ብር ቆሟል።

ስለዚህ ቁጥሩ ሲቆጠር ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው ወሳኝ ነው። በኤጀንሲ በኩል የመጡ ጫኝና አውራጆች፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ፔይሮላቸው ሌላ ድርጅት ጋ ስለሆነ ሲቀነሱ በፋብሪካው ቁጥር ውስጥ አይታዩም። የጊዜ ኮንትራታቸው ሳይታደስ የቀረም እንደ ተቀነሰ ሳይሆን «ውሉ አልቆ ሄደ» ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ድርጅት በሁለት ወር 30 ኮንትራት ሳያድስ፣ 20 የኤጀንሲ ሰው መልሶ፣ 35 ቋሚ ሠራተኛ ቢያሰናብት 85 ሰው ወጥቶ ሳለ ሕጉ የሚያየው 35ቱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ፋብሪካው ሲሸጥስ? እዚህ ላይ አዋጁ ከወሬው ይልቅ ያረጋጋል። የድርጅት መቀላቀል፣ መከፈል ወይም ወደ ሌላ ባለቤት መተላለፍ የሥራ ውልን አያቋርጥም፣ አይለውጥምም። አክሲዮን ብቻ ከተሸጠ አሠሪው ያው ድርጅት ነው። ችግር የሚመጣው ሠራተኛው «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄአለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሞ በማግሥቱ ከአዲሱ ባለቤት ጋር እንደ አዲስ ተቀጣሪ ውል ሲገባ ነው። በዚያች ፊርማ የ8 ዓመት አገልግሎት ዜሮ ይሆንና የሙከራ ጊዜ እንደገና ይጀምራል። የስንብት ክፍያ ተሰጥቶ እንደ አዲስ መቀጠር አንዳንድ ሠራተኛ የሚመርጠው ነገር ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ያጓጓል። ግን ቀጣዩ ቅነሳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነኩት አገልግሎታቸው አጭር የሆኑ መሆናቸውን አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

መረጃው የሚገኝበት ቦታ፦ የኅብረት ስምምነት

አዋጁ ዝም ያለበትን ቦታ ስምምነት ሊሞላው ይችላል። ቢያንስ 10 ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይችላል። ማኅበሩ የድርድር ጥያቄውን ከረቂቁ ጋር በጽሑፍ ሲያቀርብ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። የሠራተኞች ተሳትፎ፣ በተለይ ዝውውርንና ቅነሳን በሚመለከት፣ በኅብረት ስምምነት ሊወሰን እንደሚችል አዋጁ ራሱ ይጠቅሳል። ማለትም ማኅበሩ የሚጠይቀው ሕጉ ያልፈቀደውን ውለታ አይደለም።

በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። ድርድሩ በደመወዝ ጭማሪ፣ በሳሙናና በወተት፣ በበዓል ስጦታ ዙሪያ ሲዞር ከርሞ ስለ መረጃ የሚያወራው አንቀጽ መጨረሻ ላይ «አሠሪው እንደ አስፈላጊነቱ ማኅበሩን ያወያያል» ተብሎ ይዘጋል። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን የሚተረጉመው አሠሪው ነው። የሁለትዮሽ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ በሁለተኛው ስብሰባው ስለ ሰርቪስና ስለ ካፌው ምሳ ይነጋገራል፣ ሦስተኛው ስብሰባ አይደረግም።

የሚሠራ አንቀጽ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በምን መልክ የሚሉትን ሳይመልስ አያልፍም። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «አሠሪው እያንዳንዱ ሩብ ዓመት ባለቀ በ15 ቀን ውስጥ የቋሚ፣ የጊዜያዊና የኤጀንሲ ሠራተኞችን ብዛት በየክፍሉ፣ የምርትና የሽያጭ መጠን፣ የትርፍ ሰዓት ድምርና የቀጣዩን 6 ወር የምርት ዕቅድ በአማርኛ በጽሑፍ ለማኅበሩ ሊቀመንበርና ጸሐፊ ይሰጣል። ከ10 በላይ ሠራተኞችን የሚነካ የሺፍት፣ የመስመር፣ የማሽን ወይም የባለቤትነት ለውጥ ሲታሰብ ከመጽደቁ ቢያንስ 45 ቀን በፊት ያሳውቃል። ማኅበሩ በ20 ቀን ውስጥ አማራጭ በጽሑፍ ያቀርባል፤ አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ምክንያቱን ዘርዝሮ ይመልሳል። መልስ ሳይሰጥ ለውጡ ተግባራዊ አይሆንም።» ቁጥሮቹ ሊደራደሩባቸው የሚችሉ ናቸው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን ከወጣ የቀረው ጌጥ ነው።

እያንዳንዱ ቃል የገባበት ምክንያት አለ። «10 ሠራተኞች» የተባለው በመቶኛ ሲሆን ከላይ ያየነው የ41 እና የ42 ጨዋታ ስለሚመለስ ነው። የኤጀንሲ ሰዎች የተካተቱት መጀመሪያ የሚቀነሱት እነሱ ስለሆኑና መቀነሳቸው የመጪው ነገር ጠቋሚ ስለሆነ ነው። «በአማርኛ» የሚለውም የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ የመጣ ሰንጠረዥ ስብሰባው ውስጥ ተነብቦ ሲያልቅ ማኅበሩ «መረጃ ደርሶናል» ብሎ ቃለ ጉባኤ ይፈርማል፣ ይዘቱን ግን ማንም አልያዘውም።

ሒሳብ ሲጠየቅ ደግሞ በሁለት ገንዘብ መጠየቅ ይበጃል፤ በብርና ዋናው መሥሪያ ቤት በሚያስብበት ገንዘብ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ይህ ልዩነት ብዙ ግራ መጋባት ፈጥሯል። ዶላር 57 ብር ግድም ሳለ 100 ሚሊዮን ብር ያተረፈ ፋብሪካ ለባለቤቱ 1.75 ሚሊዮን ዶላር ያህል ያሳያል። ምንዛሪው 114 ብር ሲሆን ያው ትርፍ ግማሹ፣ 877 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ሠራተኛ «ሽያጩ ጨምሯል፣ ለምን ቅነሳ ያወራሉ?» ሲል አልተሳሳተም። አንትወርፕ ወይም ሆላንድ ያለው የፋይናንስ ኃላፊም «ትርፉ ወደቀ» ሲል አልዋሸም። ሁለቱን አምድ ጎን ለጎን ያላየ ማኅበር ከዚህ ጭቅጭቅ አይወጣም።

መረጃ ባይሰጥም የሚነበቡ ምልክቶች አሉ። የትርፍ ሰዓት ሥራ ድንገት ሲቆም፣ የዓመት ዕረፍት ሁሉም በአንዴ እንዲወጣ ሲገፋ፣ ትልቁ የማሽን ጥገና «ለሚቀጥለው ዓመት» ሲባል፣ የመለዋወጫ ትዕዛዝ ሲሰረዝ፣ የለቀቀ ሰው ቦታ ሳይሞላ ሲቀር። አንዱ ብቻውን ምንም ላይሆን ይችላል። ሦስቱ በአንድ ሩብ ዓመት ከታዩ ግን ማኅበሩ በጽሑፍ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። የጽሑፍ ጥያቄ መልስ ባያገኝም በኋላ ጉዳዩ ወደ አስማሚ ወይም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሲሄድ ምክክር መጠየቁንና መከልከሉን ያስረዳል። የቅነሳ ክርክር የወል፣ ማለትም የሠራተኛው የጋራ፣ ክርክር ስለሆነ መንገዱ ይህ ነው። ሥራው ላይ ልመለስ የሚል ግለሰብ ግን ጥያቄውን ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካላቀረበ በይርጋ ይታገድበታል፤ የማኅበሩን ክርክር ሲጠብቅ ያለፈበት ሰው ጥቂት አይደለም።

«ምስጢር ነው» የሚለው መልስ

የአሠሪዎች ክርክር ተራ ሰበብ ተብሎ መታለፍ የለበትም። በአገራችን የቢራ ገበያ ውስጥ ፉክክሩ ብርቱ ነው፤ የአንዱ የምርት ዕቅድ ለሌላው ወርቅ ነው። የሽያጭ ድርድር መጀመሩ ቀድሞ ከተሰማ ገዥው ይሸሻል፣ ባንክ ይጠራጠራል፣ ጎበዝ ቴክኒሻኖች አስቀድመው ይለቃሉ። ኩባንያው በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ከሆነ ዋጋ የሚያናጋ መረጃን ለጥቂቶች ብቻ መንገርን የሚከለክል ሕግ ያለበት አገር ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሌሎች ደግሞ ባለሀብት እንዳይሸሽ አዲስ ግዴታ መጫን አይገባም ይላሉ።

ከሠራተኛው ወገንም ተቃራኒ ጥርጣሬ አለ። መረጃ የተቀበለ አመራር ምስጢር እንዲጠብቅ ሲታሰር ከአባሉ ይነጠላል፤ «እነሱ ያውቁ ነበር» የሚል ቁጣ ይመጣበታል። ምክክር ማኅበሩን የአሠሪው ተባባሪ ያደርገዋል የሚሉም አሉ።

ሁለቱም ስጋት እውነት አላቸው፤ ግን ዝምታን አያጸድቁም። መረጃ ያልተሰጠ ሠራተኛ ወሬ ይከተላል፣ ወሬ ደግሞ ቴክኒሻኑን ከእውነተኛው መረጃ ቀድሞ ያስለቅቃል። በአውሮፓ የተለመደው መፍትሔ ለእኛም ይሆናል። ምስጢሩ በጊዜ ይታሰራል፤ «ይህ መረጃ እስከዚህ ቀን ከተወካዮቹ አይወጣም» ይባላል። ከዚያ ቀን በኋላ አባሉ ይሰማል። የሚከለከለው ነገርም በስም ይጠቀሳል፤ የዋጋና የደንበኛ ዝርዝር ሊሸፈን ይችላል፣ የሚቀነስ ሰው ብዛት ግን ለሚቀነሰው ሰው ምስጢር ሊሆን አይችልም።

ከድንበር ማዶ ያሉ በሮች

የአገር ውስጡ መንገድ ሲዘጋ የባለቤቱ ዜግነት ለውጥ ያመጣል። የበለጸጉ አገራት የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ለብዙ አገር ኩባንያዎች ያወጣቸው መመሪያዎች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹ በ1976 የወጡ፣ መጨረሻ የታደሱት በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ትርጉም ላለው ድርድር የሚያስፈልግ መረጃ ለሠራተኛ ተወካዮች እንዲሰጥና ብዙ ሰው የሚነካ ለውጥ ሲመጣ በቂ ማስጠንቀቂያ እንዲቀድም ይጠይቃሉ። የዓለም ሥራ ድርጅት የ1977ቱ የሦስትዮሽ መግለጫም ተመሳሳይ ነገር ይላል። መመሪያዎቹን የተቀበለ አገር ብሔራዊ የመገናኛ ነጥብ የሚባል ጽሕፈት ቤት ያቋቁማል፤ አቤቱታ ይቀበላል፣ ያሸማግላል፣ መግለጫ ያወጣል። መቅጣት ግን አይችልም።

ከቢራ ዘርፍ አንድ ምሳሌ አለ። የሄኒከን ድርጅት በሆነው ብራሊማ፣ በኮንጎ ቡካቩ ይሠሩ የነበሩ 168 ሰዎች ከሥራ የተሰናበቱበት መንገድ ሕገ ወጥ ነበር ብለው በታኅሣሥ 2008 (ዲሴምበር 2015) ለሆላንድ የመገናኛ ነጥብ አመለከቱ። ስንብቱ ከ1999 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የተፈጸመ ነበር። በነሐሴ 2009 (ኦገስት 2017) ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ዘግይቷል። ቢሆንም በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ያልተገኘ መፍትሔ በባለቤቱ አገር በኩል መጣ።

በሩ ለሁሉም አይከፈትም። ሆላንድ፣ ቤልጅየም፣ ፈረንሳይ፣ ደቡብ ኮሪያና ቱርክ በመመሪያዎቹ ውስጥ አሉ። ቻይና የለችም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ቻይናዊ በሆነ ፋብሪካ ይህ መንገድ የለም። የልብስ ፋብሪካ ከሆነ ግን የሚታየው ባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ምርቱን የሚገዛው ብራንድም ነው። የልብስ ብራንዶቹ ኤችኤንድኤም በ2015 እ.ኤ.አ. ኢንዱስትሪኦል ከሚባለው ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት ጋር፣ ኢንዲቴክስ ደግሞ በ2007 ከዚሁ ኅብረት ቀዳሚ ጋር፣ አቅራቢዎቻቸውን ጭምር የሚመለከቱ ስምምነቶች ፈርመዋል። የምግብና መጠጥ ዘርፉ አቻ የሆነው አይዩኤፍ ደግሞ ከምግብ ኩባንያው ዳኖን (ያኔ ቢኤስኤን) ጋር በ1988 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ስምምነት ለዚህ ዓይነት ስምምነት ሁሉ ፈር ቀዳጅ ነው። የደብረ ብርሃን መሠረታዊ ማኅበር እነዚህን የሚያገኛቸው በዘርፉ ፌዴሬሽንና በኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን በኩል ነው። ኩባንያው የአውሮፓ ምክር ቤት ካለውም በዚያው መስመር አንድ ጥያቄ ለምክር ቤቱ አባል ማድረስ ይቻላል፤ «በኢትዮጵያ ስላለው ፋብሪካ ምን ታስቧል?» የሚል ጥያቄ አንትወርፕ ላይ ሲነሳ ደብረ ብርሃን ላይ ከሚነሳው የተለየ ጆሮ ያገኛል።

የነዚህ በሮች ሁሉ ድክመት ፍጥነት ነው። የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ በኅዳር 2014 ያስታወቀው ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ የመታገዷ ዜና በተሰማ በሳምንታት ውስጥ ነበር። እንዲህ ላለ ፍጥነት የ20 ወር ሽምግልና አይደርስለትም።

ከዚህ በኋላ

የተሻሻለው የአውሮፓ ሕግ በየአገሩ ሕግ ውስጥ ለመግባት ዓመታት ይወስዳል፤ የሰሜን ሸዋን ሠራተኛ ሕይወት በቅርቡ ይለውጣል ማለት ማጋነን ነው። ሊያመጣ የሚችለው ለውጥ ኩባንያዎቹ ውሳኔያቸውን ከምክክሩ በፊት እንዳይዘጉ የሚያደርግ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ከተለመደ ከዋናው መሥሪያ ቤት ወደ ቅርንጫፎቹ የሚፈስ መረጃም ቀድሞ መምጣቱ አይቀርም። ለዚያ ግን የሚቀበለው አንቀጽ እዚህ መኖር አለበት።

ቅርብ ያለው ነገር የቀን መቁጠሪያው ነው። የማኅበራት ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በሰኔ 30 የሒሳብ ዓመት መዝጊያ ዙሪያ ወይም በጥር ነው። ብዙ የአውሮፓ ኩባንያዎች ግን ዓመታቸውን የሚዘጉት በዲሴምበር 31 ነው፤ የቀጣዩን ዓመት በጀት የሚያዘጋጁትም ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። የሺፍት፣ የቅጥርና የኢንቨስትመንት ቁጥሮች የሚሞሉት በእነዚያ ሦስት ወራት ነው። በነሐሴ የደረሰ የማኅበር ደብዳቤ ከአገር ውስጥ ሥራ አስኪያጁ የበጀት ረቂቅ ጋር አብሮ ሊጓዝ ይችላል። በጥር የደረሰው ግን የጸደቀ ቁጥር ያገኛል።